ፖልክ ማለት ጦር ብቻ አልነበረም

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ውስጥ አቧራ የቃምኩ ሰው ነኝ። ታሪክ የምትወዱ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ግን አብዛኞቻችሁ የምትወዱት ፈረሱንና ጎራዴውን ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንደዚያው ነበርኩ። ኪየቭ ለትምህርት የሄድኩ ጊዜ ኮሳክ (የድሮው የዩክሬን ነፃ ተዋጊ) ሲባል የሚታየኝ ጢሙ የተንዠረገገ፣ ራሱን ተላጭቶ ቁንጮ ያስቀረ ፈረሰኛ ብቻ ነበር። አንድ ቀን መምህራችን ስለ ፖልታቫ ፖልክ ሲያወራ፣ ክፍለ ጦር መስሎኝ "ስንት ወታደር ነበረው?" አልኩት። "ስንት ከተማ ነበረው ብለህ ጠይቅ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1648 (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው) የኮሳኮቹ መሪ ቦህዳን ክሜልኒትስኪ ዩክሬንን ትገዛ በነበረችው በፖላንድ ላይ አምፆ ሹማምንቷና ባለርስቶቿ ሲባረሩ፣ አገሩን የማስተዳደሩ ሥራ በጦሩ ላይ ወደቀ። ፖልክ ክፍለ ጦርም አውራጃም ሆነ። ኮሎኔሉ ጦርነት ሲመጣ ያዘምታል፣ ሰላም ሲሆን ያስተዳድራል። ከሥሩ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ መድፉን የሚይዝ ሹም አለ። ፖልኩ ደግሞ በሶትኒያ ይከፈላል፤ "መቶ" ማለት ነው። አለቃውን መቶ አለቃ ብንለው ልክ ነው፣ ብቻ ይሄኛው መቶ አለቃ ወረዳም ያስተዳድራል።

እንዲህ ያለ ኮሎኔል ቀላል ሰው እንዳይመስላችሁ። የፖልታቫው ማርቲን ፑሽካር ከክሜልኒትስኪ ቀጥሎ ሄትማን (የኮሳኮች የበላይ አዛዥና ገዥ) በሆነው በቪሆቭስኪ ላይ ተነሣበት። የራሱ ጦር፣ የራሱ አገር አለው፣ ምን ያስፈራዋል? በ1658 እዚያው ፖልታቫ አጠገብ ተገደለ።

እኔን ግን ከፑሽካር ይልቅ የያዘኝ ጸሐፊው ነው። በ1649 ከፖላንድ ጋር በተደረገው የዝቦሪቭ ስምምነት ባለመዝገብ ኮሳክ 40 ሺህ እንዲሆን ተፈቀደ። በ16 ፖልክ ተከፋፍለው ስማቸው ተጻፈ። እስቲ አስቡት፣ ስምህ ካለ ነፃ ሰው ነህ፣ ከሌለ ወደ ባለርስቱ ትመለሳለህ፣ ያውም ከጎንህ ከተሰለፈው ጓደኛህ እኩል ተዋግተህ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኮሳኮቹ ቤሬስቴችኮ ላይ ተሸነፉና በቢላ ጼርክቫ ውል ቁጥሩ ወደ 20 ሺህ ወረደ። በወረቀት ግማሹ ሰው ተሰረዘ ማለት ነው! ውሉ አልበረከተም፣ በዓመቱ ጦርነቱ አገረሸ። ይሄን ሳነብ ነው የጦርነቱን ምክንያት ከውጊያው ሜዳ ሳይሆን ከስም ዝርዝሩ መፈለግ የጀመርኩት፤ እናንተም ከዚያ ጀምሩ እላችኋለሁ።

አወዳደቁም በመዝገብ ነው። አገሩ በሩሲያ ሥር ከገባ በኋላ፣ የሩሲያዋ ንግሥት ዳግማዊት ካትሪን በ1764 የሄትማንን ሥልጣን አስቀረች። ወዲያው ከ1765 ጀምሮ ሩሚያንጼቭ የሚባለው ገዥዋ ሰዉን፣ መሬቱን፣ ከብቱን ሁሉ አስቆጠረ። በ1780ዎቹ መጀመሪያ ፖልኮቹ አውራጃ መሆናቸው ቀረ፣ ጦራቸውም መደበኛ የሩሲያ ጦር ሆነ። በ1783 ደግሞ ገበሬው በመጨረሻው ቆጠራ ከተመዘገበበት ቦታ እንዳይነቃነቅ ታወጀ። ያኔ መዝገብ ያወጣው የነበረውን ሰው አሁን መዝገብ አሰረው።

የሩሚያንጼቭ ቆጠራ ጥራዞች ዩክሬን ውስጥ ዛሬም አሉ። የታሪክ ሰዎች የአንድን ኮሳክ ቤት በሬ ሳይቀር ከዚያ ያወጣሉ። ከእናንተ መካከል ለትምህርት ወደዚያ የሚሄድ ካለ፣ ወይም እዚሁ አገራችን መዝገብ ቤት የሚገባ ካለ፣ ማስክ ያድርግ። የእኔን ሳል የሰማ ለምን እንደምል ያውቃል።