የኋለኛው ሮም የነሐስ ሳንቲሞች፦ ጥያቄና መልስ

የ4ኛው ክፍለ ዘመን የሮም ነሐስ ያላችሁ ሰዎች ጥያቄ ስለበዛ፣ እዚህ አንድ ላይ ልመልስ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጽሑፉ ተበልቷል፤ «ኮንስታን» ብቻ ነው የሚነበበው። ትልቁ ቆስጠንጢኖስ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን አትቸኩል። በዙፋኑ የተተኩት ሦስቱ ልጆቹም ስማቸው በላቲን የሚጀምረው እንደዚያው ነው። መጀመሪያ ገልብጠው። ሁለት ወታደሮች ቆመው መሃላቸው ሁለት የጦር ዓርማ (በዘንግ ላይ የተሰቀለ) ካለ፣ ከ330 እስከ 335 ባለው ጊዜ የተመታ ነው። አንድ ዓርማ ብቻ ከሆነ ከ335 ወዲህ ነው። ከዚያ የንጉሡ ራስ ወዳለበት ገጽ ተመለስ። በ330ዎቹ መጀመሪያ አባትየው ራሱ ላይ የንግሥና ጥብጣብ (ዲያደም) ያስራል፤ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ የቅጠል አክሊል ነው የሚደፉት።

ጥያቄ፦ መንታ ሕፃናት የምታጠባ ተኩላ ያለበት አለኝ። ንጉሥ ግን የለበትም።

እህቴ፣ በሌላው ገጽ ላይ ያለችው የራስ ቁር የደፋች ሴት በሰው መልክ የተሣለችው የሮም ከተማ ራሷ ናት። ቁስጥንጥንያ በ330 ስትመረቅ አካባቢ መመታት የጀመረ ነው። በጣም ብዙ ተመትቷል፤ ብርቅ ነው ብለው በውድ እንዳይሸጡልሽ።

ጥያቄ፦ በሳንቲሙ ጀርባ ከሥር ያሉት ፊደሎች ምን ይነግሩናል?

ዋናው ነገር እነሱ ናቸው! የተመታበትን ከተማ ይናገራሉ። «ኤስ ኤም ኤ ኤን ቲ» ካለ አንጾኪያ ነው። «ቲ አር» ዛሬ ጀርመን ውስጥ ያለችው ትሪር ናት። «ኤስ አይ ኤስ» ሲስኪያ ናት፤ የዛሬዋ የክሮኤሺያ ሲሳክ። ብዙ ጊዜ አንድ ፊደል ይጨመራል፤ የወርክሾፑ ቁጥር ነው። በምሥራቅ ከተሞች በግሪክ ፊደል ይቆጠራል።

«ሮማን ኢምፔሪያል ኮይኔጅ» የተባለው ትልቁ ካታሎግ የተደረደረው በከተማ ነው። 7ኛው ቅጽ ከ313 እስከ 337፣ 8ኛው ከ337 እስከ 364 ያለውን ይይዛል። ከተማው ካልተነበበ ትክክለኛ የካታሎግ ቁጥር አይገኝም። ያኔ «ከተማው አይነበብም» ብላችሁ ጻፉ። በግምት የተሞላ ቁጥር ከባዶ ቦታ ይብሳል፤ ቀጥሎ የሚያነበው ሰው እውነት መስሎት ይገለብጠዋል።

ጥያቄ፦ ስለ ሳንቲሙ የምንይዘው መዝገብ ላይ ሌላ ምን ይግባ?

ክብደት በግራም፣ ስፋት በሚሊሜትር፣ የሁለቱም ገጽ ፎቶ። ጽሑፉን እንዳየኸው ጻፍ፤ የጠፉትን ፊደሎች በቅንፍ ለያቸው። የካታሎግ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ጥያቄ፦ በሎሚ ላጽዳው?

በፍጹም! በኮምጣጤም እንዳትሞክሩት። አሲዱ የሚልጠው ቅርፊት ብዙ ጊዜ ፊደሎቹን የያዘው ራሱ ነው። ደማቅ አረንጓዴ ዱቄት ተጠርጎ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ፣ ክሎራይድና እርጥበት ነሐሱን እየበሉት ነው። ደረቅ ቦታ ለብቻው አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ እስራኤል ነው የምኖረው። የአክሱም ሳንቲም ከነዚህ ጋር ይገኛል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ የአክሱም ትንንሽ ነሐሶች እዚያ ተገኝተዋል። በአንደኛው ዓይነት ፊት ላይ ንጉሡ ራሱን በጨርቅ ሸፍኖ ይታያል። ጀርባው መስቀል ነው፤ ዙሪያውን በግሪክኛ «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» ይላል። «ባሲለውስ»፣ ማለትም ንጉሥ፣ ይላል እንጂ ስም የለውም። ስለዚህ ከሮም ነገሥታት መካከል ስሙን ስትፈልግ አትድከም፤ መስቀሉንና የግሪክኛውን ጽሑፍ እይ።