ግቢው አንድ፣ ትዝታው ሁለት

ጥያቄ፦ እኔ የ1980 ልጅ ነኝ፤ ታላቅ ወንድሜ የ1971። ያደግነው ጅማ ዳር፣ ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው በአንድ ዓይነት ፕላን በሠሯቸው ቤቶች ሰፈር ነው። አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችን ቤቱን ሸጠው እኔ ዘንድ ሊገቡ ነው። ለፋሲካ ተሰብስበን «ሜዳ የሚያህል ግቢ፣ እንዲህ ያለ ሰፈር ከእንግዲህ የት ይገኛል» ብል ወንድምጋሼ «ላንቺ ገነት፣ ለእኔ እስር ቤት ነበር» አለኝ። በ1983 አባታችን ከሥራ ወጥተው ዓመት ሙሉ ቤት መዋላቸውንም አነሳ። «ኧረ እንደዚያ አልነበረም» ስለው ጥሎን ሄደ። ሦስት ወር ሆነን አንደዋወልም። የሚዋሸው ማነው?

መልስ፦ ማንም አልዋሸም። እርስዎ ስድስት ዓመት ሲሞላዎት እሱ አሥራ አምስት ነበር። በፕላን በተሠራ ሰፈር ቤቱ በረድፍ ነው፤ በር ከበር ይተያያል። ለስድስት ዓመት ልጅ ይህ ጥበቃ ነው፤ ወድቃ ብታለቅስ ከሦስት ቤት እናቶች ይወጣሉ። ለአሥራ አምስት ዓመት ጎረምሳ ግን ያው በር ዘበኛ ነው። ከአንዲት ልጅ ጋር ቆሞ ከታየ ወሬው ቀድሞት ቤት ይገባል።

1983ንም እንመልከት። አብዛኛው ሰው ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ ሳይሞላ የሆነውን አያስታውስም። ያን ጊዜ እርስዎ ሦስት ዓመትዎ ነው፣ እሱ አሥራ ሁለት። እርስዎ ዘንድ ያ ዓመት ባዶ ነው፤ ወንድምዎ ግን የአባቱን ፊት እያየ ነው ያሳለፈው። «እንደዚያ አልነበረም» ያሉት ስላላዩት ነገር ነው። (ስለ ግቢው ስፋትም ቢሆን፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ 47/1967 ለአንድ ቤተሰብ መኖሪያ የፈቀደው እስከ 500 ካሬ ሜትር ነበር። ሜዳ ያሰኘው የልጅ ቁመት ነው።)

አሁን የሚሠራውን ልንገርዎ። ሁለት ነጭ ወረቀትና ሁለት እርሳስ ያዘጋጁ። ለየብቻ ተቀምጣችሁ 20 ደቂቃ የሰፈሩን ካርታ ሣሉ፦ ቤታችሁ፣ ጎረቤት፣ ሱቁ፣ የተጫወታችሁበት፣ የተደበቃችሁበት፣ የፈራችሁት ቦታ። ሥዕሉ ማማር የለበትም። ከዚያ ቡና ያፍሉ። አቦሉ እስኪጠጣ እሱ ካርታውን ያስረዳል፤ በቶናው እርስዎ፤ በረካው ላይ ስለ ሌላ ነገር አውሩ። እጅዎ ጀበናና ሲኒ ላይ ሲሆን ዓይን ለዓይን መፋጠጥ ይቀንሳል፣ ወንድ ልጅም እንዲያ ሲሆን ይቀለዋል። እሱ ሲናገር ለእርስዎ የተፈቀደው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ስንት ዓመትህ ነበር?» «ማን አብሮህ ነበር?» «ከዚያስ?»

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እናት መሃል ሲቀመጡ ነው። ሁለቱም ወደ እሳቸው ዞሮ ፍርድ ይጠይቃል፣ እሳቸውም የተከሰሱ ይመስላቸዋል። ስለዚህ እሳቸው ቤት በሌሉበት ቀን ይሁን። በበዓል ቀን፣ እንግዳ ባለበት፣ በስልክም አይሞከርም። ሰፈሩን አስቀድማችሁ ሄዳችሁ አትዩት፤ የዛሬው አጥርና ቆርቆሮ በድሮው ላይ ይደረባል። የቤቱን ሽያጭ ጉዳይ ለሌላ ቀን አቆዩት። ዋጋ ከተነሳ ትዝታው ወዲያው የድርሻ ክርክር ይሆናል።

ድብደባ ወይም ከዚያ የከፋ ነገር ካነሳ አይቆፍሩ። እንቅልፍ የሚነሳው ወይም መጠጥ የሚያበዛ ከሆነ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ አብረውት ይሂዱ።

መጀመሪያ ግን መደወል አለ። ይቅርታውን አያስረዝሙት፤ «ወንድምጋሼ፣ የ1983ን ዓመት እኔ አላውቀውም። ንገረኝ» ይበቃል። «ተይው» ካለ ሁለት ሳምንት ይጠብቁና ራስዎ ደግመው ይደውሉ እንጂ በእናታችሁ በኩል አይላኩበት።