መድኃኒቱን ከመጠርጠር በፊት ቱቦውን

እህቴ፣ «አባቴ በፕሮስቴት ምክንያት የሽንት ቱቦ ከገባላቸው ወራት አልፈዋል፤ አንቲባዮቲክ ሲወስዱ ይሻላቸዋል፣ ሲጨርሱ ትኩሳቱ ይመለሳል፤ መድኃኒቱ አስመስሎ የተሠራ ይሆን?» ብለው ጠይቀዋል። እዚሁ ጎንደር በቀዶ ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ ይህን ምልልስ ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔ በቅድሚያ የምጠረጥረው ቱቦውን ነው።

ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ እየተንሳፈፈ ብቻ አይኖርም። ቱቦው ላይ ይለጠፍና ዝልግልግ ነገር አመንጭቶ በውስጡ ይሸሸጋል፤ ባዮፊልም የሚባለው ይህ ነው። ውኃ በፈረቃ ለምንጠብቅ ጎንደሬዎች ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ውኃ የከረመበት ጀሪካን ውስጥ እጅ የሚያሟልጨው ሽፋን የዚሁ ዘር ነው። ማለቅለቅ ብቻ አያስለቅቀውም፣ መፈግፈግ ይፈልጋል። ቱቦ ግን አይፈገፈግም፤ ይቀየራል።

መድኃኒቱ የሚንሳፈፉትን ስለሚገድል ትኩሳቱ ይበርዳል። የተሸሸጉት ምግብና አየር ስለሚያንሳቸው ዕድገታቸውን ይገታሉ፤ አብዛኛው አንቲባዮቲክ ደግሞ የሚመታው በማደግና በመራባት ላይ ያለውን ነው። እነሱን ለመግደል አንዳንዴ ከተለመደው እስከ 1000 እጥፍ የሚደርስ መጠን ያስፈልጋል፤ ይህን የሚችል ሰው የለም። ፕሮቲየስ የተባለው ባክቴሪያ ሲሆን ይብሳል፤ ሽንት ውስጥ ያለውን ዩሪያ የተባለ ቆሻሻ ወደ አሞኒያ ለውጦ በሽንቱ ውስጥ ያለው ማዕድን እንዲጠጥር ያደርጋል። ከበሽተኛ የወጣ ቱቦ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ውስጡ በነጭ ቅርፊት ተደፍኖ፣ መርፌ የሚያሳልፍ ቀዳዳ እንኳ ያልቀረበት ጊዜ አለ።

ስለዚህ ትኩሳት ሲመጣ ቱቦው ከ2 ሳምንት በላይ ከቆየ እንዲቀየር ይጠይቁ። ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለየው ምርመራ፣ የሚላከው ሽንት ከአዲሱ ቱቦ ይወሰድ። ከአሮጌው ከተወሰደ ውጤቱ የሚናገረው ቱቦው ላይ ስለሰፈረው እንጂ ፊኛቸው ውስጥ ስላለው ላይሆን ይችላል፤ ሽንቱ ከሚጠራቀምበት ከረጢት መቅዳትማ ጨርሶ አይሞከርም።

ለእህቴ ጥያቄ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አጠጫቸው» ብላችሁ የመለሳችሁ ወገኖች፣ ዳማከሴውን አልነቅፍም። ቱቦ ያለበት አዛውንት ሲንቀጠቀጥ፣ ነገር ሲምታታበት ወይም ሽንቱ መውረድ ሲያቆም ግን የዚያኑ ቀን ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሽንቱ ስለደፈረሰ ወይም ስለሸተተ ብቻ፣ ትኩሳትና ሕመም ሳይኖር፣ ወደ መድኃኒት ቤት አይሩጡ። ቱቦ አንድ ወር ከቆየ ባክቴሪያ የማይገኝበት ሰው ከስንት አንድ ነው፤ ያለ ምልክት ማከም መድኃኒት የለመደ ባክቴሪያ ከማራባት አያልፍም።

ሐኪሙን ደግሞ ይህን ይጠይቁልኝ፦ ቱቦው አሁንም የግድ ነው? ታምሱሎሲንን የመሰለ፣ የፕሮስቴትንና የፊኛ አንገትን ጡንቻ የሚያላላ መድኃኒት ተጀምሮላቸው ከቀናት በኋላ ቱቦው ወጥቶ በራሳቸው መሽናት የሚችሉ ብዙ አባቶች አሉ። እስከዚያው ከረጢቱን ከፊኛቸው ዝቅ አድርገው ይስቀሉት፤ ወለል ላይ ግን አያሳርፉት።