ያለ ፈቃድ የተለወጠ ኮንዶሚኒየም እንዴት ይሸጣል?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም አለኝ። በ2012 ዓ.ም. በረንዳውን በብሎኬትና በመስተዋት ዘግቼ ማዕድ ቤት አደረግሁት፤ የቀድሞውን ማዕድ ቤት ደግሞ ከሳሎኑ ጥቂት ቆርሼ ሁለተኛ መኝታ አወጣሁበት። ፈቃድ አላወጣሁም። አሁን ቀብድ ሊሰጠኝ የተዘጋጀ ገዢ አግኝቼ ነበር፤ ነገር ግን ባንኩ ለብድሩ የላከው መሐንዲስ ቤቱ ከፕላኑ ጋር እንደማይገጥም ነገረን። ደላላው ዝም ብዬ ባንክ ለማያስፈልገው ሌላ ሰው እንድሸጥ ይመክረኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ከሁሉ አስቀድሞ ቀብዱን አይቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ ተቀብሎ ውሉን የተወ ሰው የተቀበለውን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል።

ሥራውን ባሠሩበት ጊዜ ጸንቶ የነበረው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ግንባታ የሚለው አዲስ ቤት መሥራትን ብቻ ሳይሆን፣ ያለውን ሕንፃ ማሻሻልንና አገልግሎቱን መለወጥንም ነው፤ ስለዚህ «የራሴን ቤት ነው ያደስሁት» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም። በተጨማሪም በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በኮንዶሚኒየም ውስጥ ከየግል ቤቶቹ ውጭ ያለው ሁሉ የጋራ ስለሆነ፣ የሕንፃውን ውጫዊ ገጽታ ለለወጠው ሥራ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩን ስምምነት በጽሑፍ መያዝ ይኖርብዎታል።

የውስጡ ግድግዳ ብዙም አያሳስበኝም፤ በእነዚህ ሕንፃዎች ጭነቱን የሚሸከሙት አብዛኛውን ጊዜ ኮለኑና ቢሙ (ቋሚውና አግዳሚው የኮንክሪት ምሰሶ) እንጂ ብሎኬቱ አይደለም። የሚያሳስበኝ በረንዳው ነው። ከሕንፃው ወጥቶ የተንጠለጠለ ከሆነ፣ በጫፉ ላይ የተደረደረው ብሎኬት በረንዳው ከሕንፃው ጋር የሚያያዝበትን ሥር ከታሰበለት በላይ ያስጨንቀዋል። የዕቃ ማጠቢያው ውኃም፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ከዝናብ መውረጃው ቱቦ ጋር ተገናኝቶ ከሆነ፣ ቅባቱ ቱቦውን ሲዘጋው ጣጣው ለታች ጎረቤትዎ ይተርፋል።

ስለዚህ ፈቃድ ያለው መሐንዲስ ቤቱን አሁን ባለበት ሁኔታ ለክቶ ፕላን እንዲያነሳና ስለ በረንዳው አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ያድርጉ፤ ይህንንም ከማኅበሩ ስምምነት ጋር ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል አቅርበው ማሻሻያው እንዲጸድቅ ይጠይቁ። ከጸደቀ፣ ያንኑ ሰነድ ይዘው ወደ ባንኩ መመለስ ይችላሉ። ካልጸደቀ ግን በረንዳው የተዘጋበትን ብሎኬትና መስተዋት አፍርሰው ማዕድ ቤቱን ወደ ቦታው ይመልሱ፤ ሁለተኛው መኝታ መቅረቱ ዋጋውን ቢቀንሰውም፣ እኔ ብሆን ይህንኑ እመርጥ ነበር።

የደላላውን ምክር በተመለከተ፣ ጉድለቱን እያወቁ ሰውረው ቢሸጡ ገዢው ተታልያለሁ ብሎ፣ ማታለሉን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ውሉ እንዲፈርስለት ሊከስ ይችላል፤ ደላላው ያን ጊዜ ኮሚሽኑን ከወሰደ ቆይቷል። መጠበቅ የማይችሉ ከሆነ፣ ለውጡ ያለ ፈቃድ መሠራቱንና የማስተካከያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ በሰነድ አረጋጋጭ ፊት በሚፈረመው የሽያጭ ውል ላይ በግልጽ ያስፍሩ።