መልስ፦ በጃቫስክሪፕት የኦብጀክት ፕሮፐርቲ ሲቀየር ማወቅ

ሰላም ወንድሜ። ጋሪ የሚለው ኦብጀክትህ ላይ ብዛት ሲቀየር ድምሩ ራሱ እንዲታደስ ፈልገህ ኦብጀክት ኦብዘርቭ (Object.observe፣ የኦብጀክት ለውጥ መከታተያ የድሮ ዘዴ) እምቢ አለኝ ላልከው፦ እሱን እርሳው። ወደ ቋንቋው የማስገባቱ ሐሳብ በ2015 እ.ኤ.አ. ተሰርዟል፣ ክሮምም በኋላ አውጥቶታል።

አሁን የሚያዋጣህ ፕሮክሲ (Proxy) ነው፤ ኦብጀክቱን ሸፍኖ በሱ በኩል የሚያልፈውን የሚጠልፍ መጠቅለያ ማለት ነው። ኦብጀክቱን ጠቅልለውና ሴት (set) የሚባለውን ትራፕ፣ ማለትም ለውጥ ሲመጣ የሚጠራውን ፈንክሽን፣ ጻፍለት፤ ፕሮፐርቲ በተቀየረ ቁጥር ስሙንና አዲሱን ቫልዩ ይዞልህ ይመጣል። የድሮውን ከፈለግህ ከመቀየሩ በፊት አንብበህ ያዝ። ከዚያ በሪፍሌክት ሴት (Reflect.set፣ ቫልዩውን ኦብጀክቱ ላይ የሚያስገባ) ቀይረውና የሰጠህን መልስ ሪተርን አድርግ። ትሩ (true) ካልመለስክ በስትሪክት ሞድ (ጃቫስክሪፕት ስህተትን ጠበቅ አድርጎ በሚይዝበት ሁነታ) ታይፕ ኤረር ይመጣብሃል፤ ሞጁል ውስጥ ደግሞ ሁሌም ስትሪክት ነው።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን እዚህ ጋ ነው፦ የሚታይህ በፕሮክሲው በኩል ያለፈ ለውጥ ብቻ ነው። ዋናውን ኦብጀክት የያዘ ሌላ ኮድ ካለ በጓሮ በር ገብቶ ይቀይረዋል፣ አንተ ወሬውም አይደርስህ። ውስጥ ያለ ኦብጀክትም፣ ለምሳሌ የደንበኛው አድራሻ ውስጥ ያለው ከተማ፣ ጌት (get) ትራፕ ላይ፣ ማለትም ፕሮፐርቲ ሲነበብ በሚጠራው፣ በፕሮክሲ ጠቅልለህ ካልመለስከው ዝም ነው። አሬይ ላይ ፑሽ ስትል (አዲስ ነገር ስትጨምር) ሴት ሁለቴ ቢጠራ አትደንግጥ፤ አንዱ ለኢንዴክሱ፣ አንዱ ለሌንግዙ (ለርዝመቱ) ነው።

የምትከታተለው ብዛትን ብቻ ከሆነ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ፕሮክሲ ይበዛበታል፤ ጌተርና ሴተር (ፕሮፐርቲው ሲነበብና ሲቀየር የሚጠሩ ፈንክሽኖች) ይበቃሃል።