ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሕመሙ ጠፍቷል፣ ጥርሴን ላስነቅለው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 34 ዓመቴ ነው። የታችኛው መንጋጋ ጥርሴ ተቦርቡሮ ሰሞኑን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። ቅርንፉድ ያዝኩበት፣ አሞክሳሲሊን ገዝቼም ዋጥኩ። አሁን ሕመሙ ጠፍቷል። የጥርስ ሐኪሙ ግን «ሩት ካናል (የጥርሱን ውስጥ አጽድቶ መሙላት) ተሠርቶ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ይደረግለት» አለኝ። ዋጋው ከማስነቀል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እናቴ ደግሞ «አንድ ጥርስ ምን ያደርግልሻል? ነቅለሽ ተገላገዪ» ትለኛለች። ምን ይሻለኛል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሕመሙ ስለጠፋ ጥርሱ ድኗል ብለው አያስቡ። ጥርስ ውስጥ ነርቭና የደም ሥር አለ። እንቅልፍ የሚነሳው ጉድጓዱ እዚያ ሲደርስ ነው። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል። ኢንፌክሽኑ ግን በሥሩ ጫፍ በኩል ወደ አጥንቱ ይቀጥላል። አሞክሳሲሊን እብጠትን ለጊዜው ያበርድ ይሆናል እንጂ ደም የማይደርስበትን የሞተ ነርቭ አያጸዳም። ቅርንፉድም ያደነዝዛል፤ ከዚያ አያልፍም። (ነጭ ሽንኩርት ግን እባክዎ አይያዙበት፤ ድድ ያቃጥላል።)

የእናትዎን ምክር አልንቅም። እሳቸው ባደጉበት ጊዜ ለታመመ ጥርስ መፍትሔው መንቀል ነበር፤ ዛሬም ከከተማ ወጣ ሲሉ ብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። «አንድ ጥርስ ምን ያደርጋል» በሚለው ላይ ግን አልስማማም። መንጋጋ ጥርስ ሲነቀል ከኋላው ያለው ወደ ክፍተቱ ያዘነብላል። ከላይ የሚገጥመው ደግሞ የሚያርፍበት ሲያጣ ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። አጥንቱ ይሳሳል። ምግብ እየተሰነቀረ ጤነኞቹም ይበላሻሉ። ኋላ ላይ በብሪጅ (በጎረቤት ጥርሶች በሚደገፍ ሰው ሠራሽ ጥርስ) ወይም በኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ በሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) ልተካው ቢሉ ወጪው ብዙ ጊዜ አሁን ከተጠየቁት ይብሳል። መንቀል ርካሽ የሚሆነው ክፍተቱን እንዲሁ ሊተዉት ከወሰኑ ነው።

መንቀል ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ጥርሱ እስከ ሥሩ ከተሰነጠቀ፣ የቀረው አካሉ ክራውን የማይሸከም ከሆነ ወይም በድድ በሽታ አጥንቱን ካጣ መነቀሉ ይሻላል። ይህን የሚለየው ምርመራና ራጅ ነው። ስለዚህ ራጁን ይዘው «የቀረው ጥርስ ክራውን ይሸከማል ወይ?» ብለው ሐኪሙን ይጠይቁ። አቅም ካነሰዎትም ሳያፍሩ ይንገሩት። ሩት ካናሉን አስጨርሰው፣ በጥሩ ሙሌት አዘግተው ክራውኑን ትንሽ ቆይተው ማሠራት የሚቻልበት ጊዜ አለ። ረስተው ዓመት እንዳያሳልፉ ብቻ! ያልተሸፈነ መንጋጋ ጥርስ ሲታኘክበት በቀላሉ ይሰነጠቃል።

ፈርተው ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ። ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ፊቱ ካበጠ በኋላ ነው። በቆሰለና መግል በያዘ ቦታ ማደንዘዣ በደንብ አይሠራም። ታካሚው ተሠቃይቶ ይወጣና «የጥርስ ሐኪም ያሳምማል» ብሎ ያወራል፤ የሰማውም ፈርቶ ይዘገያል። እርስዎ አሁን፣ ሕመም በሌለበት ቢሄዱ ሕክምናው ይቀልዎታል።

ፊትዎ ወይም ከአገጭዎ ሥር ካበጠ፣ ካተኮሰዎት፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተዎት ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።