ለሦስት ነጥብ በሬ አይሸጥም

ከመንዝ ሞላሌ ለጻፍህልኝ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በአካውንቲንግ ትምህርትህን ጨርሰህ የመውጫ ፈተናውን ሁለት ጊዜ እንደ ወሰድህ፣ በመጀመሪያው 44 በሁለተኛው 47 እንዳመጣህ ነግረኸኛል። አባትህም «ወረቀት የሚያወጣ ሰው ተገኝቷል፤ ከሌላ ኮሌጅ እንደ ተመረቅህ አድርጎ ይሠራልሃል፤ አንዱን በሬ እንሸጣለን» ብለውህ፣ አፍህ እምቢ ለማለት ሆድህም እሺ ለማለት እንደ ተቸገረ ጽፈሃል። ከዚያ በታች ስለ እንግሊዝኛህ መድከም፣ ስለ ሳዑዲ ጉዞና 25 ዓመት ስለ መሙላትህ ጠይቀሃል።

ትንንሾቹን ላስቀድም። እንግሊዝኛህ ለሒሳብ ሥራ የሚያስፈልገው ቃል ውሱን ስለ ሆነ በየቀኑ አንድ ገጽ ብታነብ ይስተካከላል። በደላላ እጅ በረሃና ባሕር አቋርጦ ወደ ሳዑዲ መሄድን ግን ለማንም መክሬ አላውቅም፣ ለአንተም አልመክርም። የዕድሜውን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ዋናው ጉዳይ ወረቀቱ ነው። አባትህን በአካል ባገኛቸው ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣቸውና የምላቸውን ግን አልተውም፦ ጋሼ፣ ይህ ነገር ልጅዎን መርዳት አይደለም። እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ፤ በሬ ሲሸጥ ምን እንደሚጎድል አውቃለሁ። ጥንዱ ከፈረሰ እርሳቸው ወይ መቀናጆ ሲለምኑ ይከርማሉ ወይ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጣሉ፤ አንተ ደግሞ በእጅህ የሚቀረው ማንኛውም ቀጣሪ ወደ ትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ልኮ «ይህ ማስረጃ ትክክለኛ ነውን?» ብሎ በጠየቀ ዕለት የሚያስከስስህ ማኅተም ነው። «የጎረቤት ልጅ ተቀጥሮ እኛ ምን እንባላለን» የሚለው ጭንቀታቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን የሰው አፍ ለመዝጋት ተብሎ የማረሻ በሬ አይሸጥም።

ከዓመታት በፊት አብሮኝ የሠራ አንድ ሰው ነበር። ሥራ ያውቃል፣ ሰው ይወድደዋል፣ ከእኔ ቀድሞም ዕድገት አግኝቷል። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ወደ ክፍላችን በገባ ቁጥር ግን ከወንበሩ ብድግ ይል እንደ ነበር ያስተዋልሁት ዘግይቼ ነው። ማስረጃ ይጣራል የተባለ ሰሞን አንድ ሰኞ ሳይመጣ ቀረ። ኮቱ ከወንበሩ ጀርባ ላይ እንደ ተሰቀለ ሦስት ሳምንት ቆየና ባለቤቱ መጥታ ወሰደችው፤ ማናችንንም ቀና ብላ አላየችም። ያን የመሰለ ሠራተኛ በገዛ ችሎታው ሊደርስበት ይችል የነበረውን ቦታ በተገዛ ወረቀት ምክንያት ማጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኔ በመጀመሪያው የ12ኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የበግ ጠጉር በሚባዘትበት ክፍል ነበር የተቀጠርሁት። ከሌሊት ፈረቃ ስወጣ ቅንድቤ ላይ ሳይቀር ብናኙ ተጋግሮ ይነጋል። የማታ ትምህርት ሲገጥምብኝ ከጓደኛ ጋር ፈረቃ እየተቀያየርሁ ዲፕሎማዬን በአምስት ዓመት ጨረስሁ፤ በመካከሉም አንድ የሒሳብ ኮርስ ሁለት ጊዜ ጥሎኛል።

በእኛ አካባቢ ስለ ጽናት ሲነሣ የጃቶው ልጅ አበበ ቢቂላ መጠራቱ አይቀርም፤ የሚወራው ግን ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 28 ነበር፤ የ25 ዓመቱን ጥያቄህን በዚህ መልሼልሃለሁ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገብቶ ደገመው። እኔን ከሁለቱም ይልቅ የሚገርመኝ የጥቅምት 1961ዱ ሜክሲኮ ነው፦ እግሩን እያመመው ጀምሮ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ፣ ወርቁንም ማሞ ወልዴ አመጣው። ማቋረጡን ማንም እንደ ውርደት አልቆጠረበትም። አንተም እስከ አሁን የሆነብህ ይኸው ነው፤ አባትህ ያገኙት ሰው ግን ያልሮጥኸውን ርቀት እንደ ሮጥኸው አድርጎ ሊያስመዘግብልህ ነው።

ማለፊያው 50 ነው፤ ከ44 ወደ 47 ከፍ ብለሃል፤ የቀረህ ሦስት ነጥብ ነው። በደብዳቤህ ሁለቱንም ጊዜ «ሁሉንም አንብቤ ነበር» ማለትህን ግን አልወደድሁትም፤ ሁሉን የሚያነብ የሚያውቀውን ደጋግሞ የከበደውን ዘልሎ ያልፋልና። የፈተናውን ብሉ ፕሪንት፣ ማለት የጥያቄዎቹን ድልድል የሚያሳየውን ሰነድ፣ ከዩኒቨርሲቲህ የትምህርት ክፍል አግኝ፤ የትኛው ኮርስ ስንት ጥያቄ እንደሚይዝ እይና ከኮስት፣ ከኦዲትና ከታክስ የትኛው እንደሚጥልህ ለይ። ፈተናው በኮምፒውተር ስለ ሆነም ሰዓት ቆጥረህ ተለማመድ።

እስከዚያው ሞላሌ ተቀምጠህ ውጤት አትጠብቅ። ወደ ደብረ ብርሃን ውረድና ለነጋዴዎች መዝገብ ከሚይዝ የሒሳብ ባለሙያ ዘንድ በረዳትነት ግባ፤ በተለይ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ነጋዴው ግብር ለማሳወቅ በሚራወጥበት ጊዜ፣ ደረሰኝ የሚለይና ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ መያዣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ የሚያስገባ እጅ ይፈለጋል። ክፍያው ከቤት ኪራይና ከሽሮ ብዙም ላያልፍ ይችላል። ሆኖም በመጽሐፍ ያልገባህ የተጨማሪ እሴት ታክስ ስሌት የአንድ ባለሱቅ ደረሰኝ ፊትህ ሲከመር ይገባሃል።

ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚሰጥ ሁለት ዙር እንስጠው። ከዚያ በኋላም ባይሆን በሙያው የሚያውቅህ ሰው፣ የለመድኸው ሥራም ይኖርሃል፤ በቴክኒክና ሙያ በኩል ደረጃህን ተመዝነህ የምትቀጥልበትን መንገድ ያን ጊዜ ቁጭ ብለን እናያለን።

አባትህን «አንድ ዓመት ይስጡኝ» በላቸው፤ በሬው ለበልጉም ለመኸሩም ይጠመድ። ለእኔ ደግሞ ኮርሶችህን በዝርዝር ጻፍልኝ፤ በጣም የከበደህን ከላይ አድርገው።